የቮልስዋገን የኋላ ሞላና የ40 እና የ44 ጥርሶቹ ብልኀት

የቤተሰብ መኪና ሲያረጅ ብዙ ጊዜ ዕድሜውን አስቀድሞ የሚያሳብቅበት ኋላው ነው። ሞተሩ ገና በደኅና እየሠራ፣ ቀለሙም ሳይለቅ፣ የኋላው አካል ከዓመት ወደ ዓመት ዝቅ እያለ ይሄዳል። ባለቤቱም አሞርዛተሩ ደክሟል ብሎ አዲስ ያስገጥማል፤ መኪናው ግን ከተቀመጠበት አይነሣም። ተራው አሞርዛተር የሞላውን መወዛወዝ ያበርዳል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ይህ ስሕተት ዛሬም ስላልጠፋ፣ ነገሩን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች «ቮልስ» እየተባለ ለብዙ ዘመን በኖረው በቮልስዋገን ታሪክ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

እንግሊዛዊው ኦባዳያ ኤሊየት ለሠረገላ የሚሆን፣ ከተደራረቡ የብረት ሰሌዳዎች የተሠራ ሞላ እ.ኤ.አ. በ1804 ካቀረበ በኋላ፣ ይኸው ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ የሠረገላውንም የመኪናውንም ሸክም ተሸክሞ ኖሯል። የኢትዮጵያ ጋራዦች ለዚህ የያዙት «ባሌስትራ» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የተወረሰ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ አስቀድሞ የመስቀልያ ቀስት ስም ነበር። ስያሜው ያለ ምክንያት አልተሰጠም፤ ሁለቱም ጎብጠው ኀይል ያከማቻሉና። ይሁን እንጂ ባሌስትራ ከባድ ነው፤ ሰሌዳዎቹም እርስ በርስ ይፋተጋሉ።

ፈርዲናንድ ፖርሸ በሽቱትጋርት በከፈተው የንድፍ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1931 የፈጠራ መብት የተጠየቀበት ቶርሽን ባር ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ይኸውም አንድ ጫፉ ታስሮ ሌላው ጫፉ ሲጠመዘዝ እንደ ሞላ የሚያገለግል ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ነው። በቮልስዋገን የኋላ አካል ከግራ ወደ ቀኝ በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ ሁለት እንዲህ ያሉ ዘንጎች አሉ፤ ውስጣዊ ጫፋቸው በቱቦው መካከል በጥርስ ይታሰራል፣ ውጫዊው ጫፍ ደግሞ ወደ ጎማው የሚሄደውን ጠፍጣፋ ክንድ ይይዛል።

ታዲያ ይህ ዘንግ በዘመን ብዛት ለምን ይሸነፋል? ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 እንዳስታወቀው፣ ሞላ የሚለጠጠው በተጫነበት ኀይል መጠን ነው። ከልክ ያለፈ ሸክምና የዓመታት ጭንቀት ግን ብረቱን ጥቂት በጥቂት ከመነሻ ቅርጹ ያርቁታል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚህ ጊዜ የብረቱ ግትርነት ከሞላ ጎደል እንደ ነበረ መሆኑ ነው፤ የተዛወረው ዜሮው ብቻ ነው። ስለዚህ ዘንጉ ካልተሰነጠቀና ካልዛገ መጣል አያስፈልገውም፤ መነሻ ማዕዘኑን መመለስ ይበቃል።

ብልኀቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የውስጠኛው ጫፍ 40 ጥርስ፣ የውጭው 44 ጥርስ አለው። ስለዚህ አንድ የውስጥ ጥርስ 9 ዲግሪ፣ አንድ የውጭ ጥርስ 8 ዲግሪ ከ11 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ዘንጉ በውስጥ አንድ ጥርስ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ክንዱ ደግሞ በውጭ አንድ ጥርስ ወደ ተቃራኒው ቢዞር፣ የሚቀረው ልዩነት 49 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ቬርኒዬ በ1631 ለመለኪያ ያስተማረው ዘዴ ልክ 300 ዓመት ቆይቶ የሞላ ንድፍ ከወጣበት ዓመት ጋር መገጣጠሙ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም ደስ ያሰኛል። የክንዱን ርዝመት 40 ሴንቲሜትር ብንወስድ፣ ይህ ልዩነት ጎማውን ከ6 ሚሊሜትር በታች ያንቀሳቅሰዋል።

የውጩን ጥርስ ብቻ አንድ ያዘለለ ሰው ግን በዚሁ ስሌት መኪናውን ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ያነሣዋል። ብዙ ባለሙያዎች አንዴ ከፍ ካለ ይበቃል ይላሉ፤ አይበቃም። የብዙዎቹ ቮልስዋገኖች የኋላ አክስል በካምቢዮው ጎን ላይ ብቻ የሚታጠፍ በመሆኑ፣ ኋላው ሲቀመጥ የጎማዎቹ ራስ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ የጎማው የውስጥ ጠርዝም ይበላል። ከልክ በላይ ሲነሣ ደግሞ የጎማዎቹ እግር ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ በፍጥነት በሚታጠፍ መንገድ ላይ የውጭው ጎማ ከመኪናው ሥር ሊገባና መኪናውን ሊገለብጥ ይችላል። ቤተሰብ የጫነ መኪና ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፋብሪካውም ለ1967 ሞዴል ሸክም ሲበዛ ብቻ የሚያግዝ ተጨማሪ ዘንግ ከኋላ ጨምሯል።

የግራና የቀኝ ዘንጎችም አይለዋወጡም። በፋብሪካ እያንዳንዳቸው በሚሠሩበት አቅጣጫ አስቀድመው ስለ ተጠመዘዙ፣ ቦታቸው ቢቀያየር በብረቱ ውስጥ የቀረው ጭንቀት ከሚረዳ ይልቅ ይጎዳል፤ በጫፋቸው ላይ የሚገኘው ምልክትም ለዚሁ ነው።

በጀርመን የዚህ መኪና ምርት በ1978 ኤምደን ላይ፣ በሜክሲኮም በ2003 ፑዌብላ ላይ ቆሟል፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ ነበር። በቀሩት ላይ የሚሠራ መካኒክ ክንዱ ያረፈበትን ከንፈር ከማስለቀቁ በፊት በክሪክና በሰንሰለት ይይዘዋል፤ ካልያዘው ክንዱ ጣት ለመስበር በሚበቃ ኀይል ወደ ታች ይወረወራል። ከዚያም የነበረበትን ጥርስ በቀለም ምልክት አድርጎ፣ ዘንጉ ሸክም ሳይኖርበት የክንዱን ማዕዘን ከሻሲው አንጻር ይለካል፤ የሁለቱንም ጎን።