የዙሪክ ታዳጊዎችና አምስቱ ጥይቶች

እኛ እንቁጣጣሽ በምንልበት ሰሞን፣ በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ ዳርቻ፣ ከዩትሊበርግ ተራራ ግርጌ የጠመንጃ ድምፅ ሲያስተጋባ ይውላል። አልቢስጉትሊ በተባለው የተኩስ ሜዳ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ታዳጊዎች በሺዎች ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ተራው የደረሰው በሆዱ ይተኛል፤ የአገሪቱ ጦር የሚታጠቀውን ጠመንጃ ሰደፍ ትከሻው ላይ ያሳርፋል፤ 300 ሜትር ርቆ በቆመው ዒላማ ላይ አምስት ጥይት ይተኩሳል። አምስቱንም መሃሉ ላይ ያሳረፈ 35 ነጥብ ያገኛል። በዙሪያው የቋሊማ ጠረን፣ የልጆች መወዛወዣና ሙዚቃ ያለበት ትልቅ ባዛር ይደራል። ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ይዘልቃል። ሰኞ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ከሰዓት በኋላ ብዙ መሥሪያ ቤትና ሱቅ ይዘጋል፤ እኩል ነጥብ ያመጡት እንደገና ተወዳድረው የዓመቱ የተኳሾች ንጉሥ ይታወቃል። የበዓሉ ስም ክናቤንሺሰን ነው፤ የወንድ ልጆች ተኩስ ማለት።

ልጅ በጦር መሣሪያ ሲጫወት ምን እንደሚደርስ ያየ ወይም የሰማ ሰው ይህን ሲያነብ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እኔም መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ ነበር። ልማዱ ግን የዘፈቀደ አይደለም። ከመቶ ዓመታት በላይ በደንብ ታጥሮ የኖረ ነው፤ ደንቡ ከየት እንደመጣ መከተልም የዕድሜ ገደብ ለብቻው ምን ያህል እንደሚጠብቅና የት ላይ እንደሚያቆም ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ የተለየ ምልክት ከሌለባቸው በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የልማዱ ሥር 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ይወርዳል። ዙሪክ ያኔ ቅጥሯን በራሷ ዜጎች የምትጠብቅ ከተማ ነበረች፤ ወንድ ልጅ ሳያድግ ማነጣጠር እንዲለምድ ትፈልግ ነበር። አሁን የምናውቀው ውድድር ግን በ1889 የተጀመረ ነው። ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1874 የጸደቀው የፌዴራል ሕገ መንግሥት የጦሩን ሥልጠና ወደ ማዕከል ሰብስቦ፣ የወታደሩ ጠመንጃ በራሱ በወታደሩ እጅ እንዲቆይ ደንግጎ ነበር። ቋሚ ጦር የሌላት፣ እያንዳንዱ ጤነኛ ወንድ ወታደር የሆነባት አገር ናት። በየመንደሩ የተኩስ ማኅበር አለ፤ የአገር አቀፉ ማኅበር በ1824 አራው ላይ ሲመሠረት ስዊዘርላንድ ገና ዘመናዊ ፌዴሬሽን እንኳ አልሆነችም ነበር። በእንዲህ ያለ አገር ታዳጊን ማስተኮስ እንደ ጨዋታ ሳይሆን እንደ ዜግነት ትምህርት ይታይ ነበር።

1889 ራሱ ለጠመንጃ ታሪክ የተለየ ዓመት ነው። የስዊዝ ጦር የቆየውን የቬተርሊ ጠመንጃ በሽሚት ሩቢን መተካት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ያ የስዊዙ ፍሪድሪክ ቬተርሊ የነደፈው ጠመንጃ ለእኛም ባዳ አይደለም። ጣሊያን የራሷን ሞዴል ከእርሱ ወስዳ ሠርታ፣ የውጫሌ ውል በተፈረመበት በ1881 ዓ.ም. አካባቢ ለምኒልክ በሺዎች አቅርባለች። የዙሪክ ልጆች በሜዳ ሲወዳደሩ፣ የእነርሱ አገር ሰው የነደፈው መሣሪያ በእኛ አገር ተራሮች ላይ ዘማቾች ትከሻ ላይ ነበር።

የዙሪክ ውድድር ዋና ጠባቂ ዕድሜ ብቻ እንዳልሆነ የሚገባው ሜዳው ላይ ያለውን አሠራር ላየ ነው። 13 ዓመት የሞላው ልጅ ጠመንጃ አይሸከምም፤ ወደ ቤትም ይዞ አይሄድም። ጠመንጃው እዚያው ይጠብቀዋል፣ እዚያው ይቀራል። ልጁ ሲተኛ አጠገቡ የሠለጠነ አስተኳሽ ይንበረከካል፤ አያያዙን ያስተካክላል፣ አፈሙዙ ከዒላማው አቅጣጫ እንዳይወጣ ይከታተላል። አሁን የሚያገለግለው ሽቱርምጌቬር 90 ለወታደር የተሠራ፣ ሳያቋርጥ መተኮስ የሚችል መሣሪያ ነው፤ በውድድሩ ግን ጥይቱ የሚወጣው አንድ በአንድ ነው። አምስት ጥይት፣ አንድ ዒላማ፣ አንድ አዋቂ። ሲያበቃ ልጁ ተነሥቶ ባዶ እጁን ወደ ባዛሩ ይሄዳል።

ይህ እጅግ ያነሰ ሊመስል ይችላል፤ ሲጎድል ግን ምን እንደሚሆን በሌላ አገር ታይቷል። በጥቅምት 2008 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዌስትፊልድ ከተማ በተደረገ የመሣሪያ ትርዒት ላይ አንድ የ8 ዓመት ልጅ፣ አባቱ አጠገቡ ቆሞ፣ ማይክሮ ኡዚ በሚባል አነስተኛ አውቶማቲክ መሣሪያ እንዲተኩስ ተፈቀደለት። የመሣሪያው ግፊት አፈሙዙን ወደ ልጁ ጭንቅላት መለሰው፤ ሞተ። ነሐሴ 2014 ላይ አሪዞና ውስጥ አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ኡዚ ይዛ እያለች መሣሪያው ወደ አውቶማቲክ ተለወጠ፤ ግፊቱን አልቻለችውም፤ አጠገቧ የቆመው አስተኳሽ ተመትቶ ሞተ። የዚያ ሜዳ ደንብ ከ8 ዓመት ጀምሮ ወላጅ ካለ ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ ደንብ አልጠፋም፤ አዋቂም አልጠፋም። የጠፋው የልጅን ክንድ አቅም የሚያውቅ የመሣሪያ ምርጫ ነው። የሞተው ልጅ ወላጆችም፣ የአሪዞናዋ ልጅና ወላጆቿም በሕይወት ዘመናቸው የማይለቃቸው ሐዘን የተሸከሙት በዚህ ጉድለት ምክንያት ነው፤ እኔ እንዲህ ያለውን መሣሪያ በልጅ እጅ ማስያዝ በየትኛውም ዕድሜ፣ በየትኛውም ወላጅ ፊት መከልከል ነበረበት ባይ ነኝ።

ብሪታኒያ ሌላ መንገድ ሄደች። መጋቢት 13 ቀን 1996 በስኮትላንድ ደንብሌን ከተማ፣ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው አንድ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና መምህራቸውን ገደለ። በቀጣዩ ዓመት በወጡ ሁለት ሕጎች ሽጉጥ ለስፖርት እንኳ ሳይቀር በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ ለግለሰብ ተከለከለ፤ ለ2002ቱ የኮመንዌልዝና ለ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ውድድሮች ልዩ ፈቃድ መስጠት አስፈልጎ ነበር። የሚገርመው ረጅም ጠመንጃና ባለ ርሳስ መሣሪያ (ሾትገን) ግን ለታዳጊ ክፍት ሆነው መቅረታቸው ነው። ጥምዝ አፈሙዝ ላለው ጠመንጃ ፈቃድ 14 ዓመት ይጠየቃል፤ ለባለ ርሳስ ጠመንጃ ፈቃድ የታችኛው የዕድሜ ወሰን የለም፣ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ግን ከ21 ዓመት በላይ የሆነ አዋቂ አጠገቡ መኖር አለበት። እዚያም ቢሆን ሕጉ በመጨረሻ የተደገፈው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን አጠገብ በሚቆመው ሰው ላይ ነው።

ወደ ዙሪክ እንመለስ። በዚያ በዓል ታሪክ ውስጥ ትልቁ የደንብ ለውጥ የመጣው በ1991 ነው፤ ሴት ልጆች እንዲወዳደሩ ተፈቀደ። ዓመቱ በስዊዝ ሴቶች ታሪክ ውስጥ ደማቅ ነው። የአገሪቱ ሴቶች በፌዴራል ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1971 ሲሆን፣ አፐንዘል ኢነርሮደን የተባለችው ትንሽ ካንቶን (የፌዴሬሽኑ ክልል) ወንዶች ግን በካንቶኑ ጉዳይ ሴቶች እንዳይመርጡ እስከ መጨረሻው እምቢ ብለው፣ በ1990 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት አስገድዷቸው ሴቶቹ እጅ በማንሣት ድምፅ በሚሰጥበት የካንቶኑ የአደባባይ ጉባኤ መጀመሪያ እጃቸውን ያነሱት በ1991 ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ቀን በመላ አገሪቱ ሴቶች ሥራ አቁመው ወጡ። የአልቢስጉትሊ ሜዳ በሩን ለሴት ልጆች የከፈተው በዚህ ማዕበል መካከል ነው። ብዙ ሳይቆይም ሴት ልጅ አሸናፊ ሆና የወንድ ልጆች ተኩስ ንግሥት አገኘ።

ይህ ለውጥ የውድድሩን ትርጉም ራሱን ያዞረው ይመስለኛል። ወንድ ልጅ ሲተኩስ ሁሉም የሚያስበው የነገውን ወታደር ነበር። ውትድርና ግዴታ ያልሆነባት ሴት ልጅ እዚያው ሜዳ ላይ ስትተኛ ግን ተኩሱ ትንፋሽ መግታት፣ ትዕግሥትና ትክክለኛነት ሆነ፤ ስፖርት ሆነ። በቶኪዮ ኦሎምፒክ በ50 ሜትር ጠመንጃ ወርቅ ያመጣችው ኒና ክሪስተን፣ በፓሪስ በዚያው ውድድር ያሸነፈችው ኪያራ ሌዎኔ ሁለቱም ስዊዝ ሴቶች ናቸው። ጠመንጃው የጦሩ ባይሆንና ለስፖርት የተሠራ ቀላል መሣሪያ ቢሆን ደግሞ እኔ የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር።

ስዊዘርላንድ አንድ ወጥ የፌዴራል የመሣሪያ ሕግ ያገኘችው በጣም ዘግይታ፣ በ1997 ጸድቆ በ1999 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ጉዳዩ የየካንቶኑ ነበር። በሕጉ መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ሰው መሣሪያ መግዛት አይችልም፤ የስፖርት ጠመንጃ ከተኩስ ማኅበር ወይም ከሕጋዊ አሳዳጊው በውሰት ሊያገኝ ግን ይችላል፤ ስፖርቱን ዘወትር እንደሚሠራ ማሳየት ይጠበቅበታል። በ2019 ሕዝቡ ከአውሮፓ ኅብረት ደንብ ጋር የተጣጣመውን ጠበቅ ያለ ሕግ በ63.7 በመቶ ድምፅ ሲያጸድቅም የተኩስ ማኅበራቱ ልማድ ብዙ አልተነካም።

ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ ድረስ አስተኳሽ አጠገቡ፣ ጠመንጃውም ሜዳው ላይ ነበር። ወታደር ሲሆን ያው ዓይነት ጠመንጃ ቤቱ ይገባል። ጥይቱን ቤት ማስቀመጥ የቀረው በ2007 ከተወሰነ በኋላ ነው። በ2003 ጦሩ ተሻሽሎ የወታደሩ ቁጥር በግማሽ ገደማ ሲቀንስ፣ ብዙ ቤቶች ጠመንጃ አልባ ሆኑ። ተመራማሪዎች በኋላ መለስ ብለው ሲያዩት፣ ከ18 እስከ 43 ዓመት ባሉ ወንዶች ዘንድ በጠመንጃ ራስን ማጥፋት ቀንሷል፤ አብዛኞቹም ወደ ሌላ ዘዴ አልዞሩም፤ ማለትም በሕይወት ቀሩ። በዚያ አገር ጠመንጃ የወጣት ሕይወት ይበልጥ የቀጠፈው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እንጂ በአልቢስጉትሊ ሜዳ ላይ አይደለም።

የካቲት 13 ቀን 2011 ስዊዞች ይህን ለመወሰን ድምፅ ሰጡ። የወታደሩ ጠመንጃ ከቤት ወጥቶ በጦሩ ግምጃ ቤት ይቀመጥ የሚለው ሐሳብ ቀረበ፤ 56.3 በመቶው አልተቀበለውም። ያን ቀን እምቢ ያሉት አባቶች የ13 ዓመት ልጃቸው ከተኩስ በኋላ ጠመንጃውን ሜዳው ላይ ትቶ እንዲመጣ አጥብቀው የሚፈልጉት ራሳቸው እንደነበሩ እገምታለሁ። ለልጁ የሚያውቁትን ወታደር ለሆነው ታላቅ ወንድሙ መንፈጋቸው ያሳዝነኛል።