ጥንቸሏ ከሃይቅ ገበታ ለምን ራቀች?

የጥንቸል ርቢ ሒሳብ ያማልላል። እርግዝናዋ 31 ቀን ገደማ ነው፤ ባንዴ ስድስትና ከዚያም በላይ ትወልዳለች፤ ቀለቧ ሣርና የጓሮ ቅጠል። መሬት ለጠበበበት፣ 1966ንና 1977ን ላየ ወሎ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ሃይቅ ወይም አምባሰል ሄዳችሁ የጥንቸል ወጥ ብታዙ ምን ዓይነት ዓይን እንደሚያይችሁ ታውቁታላችሁ። ብዙዎች «የግንዛቤ እጥረት» ይሉታል። እኛ ደግሞ የታሪክ ብዛት እንለዋለን።

ክልከላው ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ቁጥር 6 ላይ አለ፦ ታመሰኳለች፣ ሰኮናዋ ግን አልተሰነጠቀም። (ባዮሎጂ አታመሰኳም ባይ ነው፤ የራሷን ለስላሳ በጠጥ መልሳ ትበላለች እንጂ። ይህ መረጃ የምግብ ፍላጎት እንደማይከፍት እናውቃለን።) የተጻፈው ለዱሯ ጥንቸል ነው። የቤቷ ከአውሮፓ መጥታ ስሟን ወረሰች፤ ክልከላውንም አብራ።

ሌላው ክርስቲያን የተወውን ሕግ እኛ ለምን ያዝነው? የመልሱ ከፊል እዚያው ሰፈር ነው። የአምባሰሏ ግሸን የነገሥታት ልጆች እስር ቤት ነበረች፤ ዘርዓ ያዕቆብ በ1434 እ.ኤ.አ. የነገሠው ከዚያ ወጥቶ ነው። በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ ቅዳሜም እንደ እሑድ እንዲከበር አስወሰነ። ጉባኤው ለጥንቸል አልተጠራም፤ ግን የኦሪት ሥርዓት ከወንጌል ጎን ወንበሩን አጸና።

በ1555 ደግሞ ካቶሊኮቹ ፖርቱጋሎች «አይሁድ ሆናችኋል» ሲሉ አፄ ገላውዴዎስ በእምነት መግለጫው መለሰ፦ የእሪያ ሥጋን የምንተወው የኦሪት ሕግ አስሮን አይደለም፣ የሚበላውን አንጸየፍም፣ የማይበላውንም አናስገድድም። ንጉሡ በሩን ገርበብ አደረገው። የገባ ግን የለም።

ሙስሊሙስ? በሱኒ ሕግ ጥንቸል ሐላል ናት። ግን ወሎ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ሁለት ሃይማኖት ሊይዝ ይችላል፤ ለድግሱም ለየብቻ ይታረዳል። አክስትህ የምትጸየፈውን እንስሳ ጓሮህ ማርባት፣ በእኛ ግምት፣ ከሃይማኖት ሕግ በላይ ይከብዳል።

እንግዳ እንስሳ ሁሉ ግን አልተገፋም። በ1978 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ ዓሣ ተጨመረ። ያልነበረ ዓሣ ነው፤ ተጠመደ፣ ተጠበሰ፣ ተበላ። ቆሮሶ ክንፍና ቅርፊት አለው። ክንፍና ቅርፊት ያለውን የፈቀደው ቁጥር 9 ነው፤ ጥንቸሏን ከከለከለው ሦስት ቁጥር ዝቅ ብሎ።