ስለ ጕርዔ ፊደላትና ስለ ውሃ ድምፅ

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ገደል የወረደ መንገደኛ ዛሪማን ያገኛል፤ ወንዙም ወደ ተከዜ ይወርዳል። በዚህ ወገን ያለ አማርኛ ተናጋሪ ስለ ምንጭ ሲናገር ተንፎለፎለ፥ በእሳት ላይ ስላለ ምንቸት ተንዶቀዶቀ፥ ተንተከተከ ይላል፤ አፉን በውሃ የሚያጥበውንም ተጕመጠመጠ ይለዋል። ፊደሉን እየመላለሰ ውሃውን በቃል ያስመስለዋልና። ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ የዘለቀ ግን ሌላ ይሰማል፤ ውሃ ሲፈላ ፈልሐ ይላሉ፥ ሐውም ከጕሮሮ ውስጥ ይወጣል።

ፈልሐ ግዕዝ ነው። በአማርኛ ሐው ወድቆ ፈላ ተባለ፤ ሰምዐም ሰማ፥ በልዐም በላ ሆነ። የወደቀው ፊደል ግን ፍለጋውን አላጠፋም፤ ፈለ ያልተባለው ፈላ የተባለው ስለዚህ ነው። ግዕዝ ስለ ውሃ ሲናገር እነዚህን ፊደላት ይወዳል፤ ምንጩን ነቅዕ፥ ጥፋቱን ውሃ አይኅ፥ ታላቁን ውሃ ባሕር፥ ጕሮሮውንም ጕርዔ ይላል። በ41ኛው መዝሙር ስለ ጥልቅ ውሃ ድምፅ የተነገረውን የሚያነብ ይህን ልብ ይበል።

ጐንደር በ1636 (እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር) በዐፄ ፋሲል ከተመሠረተች በኋላ የመጻሕፍት ትርጓሜ በአማርኛ ሲሰፋ፥ አንደበቱ ያልለየውን መለየት የመምህር ዕዳ ሆነ። ድምፁ ቢጠፋ ስም ተሰጠው፤ ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ብዙኃኑ ኀ፥ አልፋው አ፥ ዓይኑ ዐ ተባለ። ዛሬም ተማሪ «በየትኛው?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ መሀረ በሃሌታው አስተማረ ነው፥ መሐረ በሐመሩ ይቅር አለ ነው። ሐለየ ዘመረ፥ ኀለየ አሰበ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ አንድ ፊደል የሳተ ጸሐፊ የትርጓሜውን መንገድ ሁሉ ያስታል።

የተከዜ ማዶ ሰዎችም ሁሉን ጠበቁ አይባልም። ሐንና ዐን ጠበቁ፤ ኀ ግን በትግርኛም ከሐ ጋራ ተቀላቅሏል፥ እርሱን የሚለየው ብራናው ብቻ ነው። ፊደል ይቀነስ የሚል ክርክር በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰው ያላሰበው ይህን ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ግን በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው እያንዳንዱን ቃል በገዛ ፊደሉ አኑረዋል፤ ፈልሐን የሚፈልግ በሐመሩ ሐ ያገኘዋል።