ሁለት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮችን በአዛማጅ ሐረግ ስለማጣመር

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። በመሆኑም በቢቸና ወይም በሞጣ የሚማር ተማሪ የፊዚክስም ሆነ የታሪክ መልሱን የሚጽፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ማጣመር ካልቻለ፣ የሚያውቀውን እንኳ አሟልቶ ለመግለጽ ይቸገራል።

አዛማጅ ሐረግ የራሱ ግስ ኖሮት አንድን ስም የሚገልጽ የዓረፍተ ነገር ክፍል ነው። በአማርኛ ይህን የሚያመለክቱት ከግሱ በፊት የሚገቡት «የ» እና «የም» ሲሆኑ፣ ሰውን ከዕቃ አይለዩም። እንግሊዝኛ ግን ለሰው «ሁ»፣ ለእንስሳና ለነገር «ዊች»፣ ለባለቤትነት «ሁዝ»፣ ለቦታ «ዌር» ይላል፤ «ዛት» ለሰውም ለነገርም ያገለግላል። ቅደም ተከተሉም የተገላቢጦሽ ነው፤ «ከሞጣ የመጣችው መምህርት» የሚለው «ዘ ቲቸር ሁ ኬም ፍሮም ሞጣ» ይሆናል።

ተማሪዎችን ይበልጥ የሚያሳስተው ግን በአማርኛው ግስ መጨረሻ ላይ የሚቀጠለው ምዕላድ ነው። «ሀዲስ ዓለማየሁ የጻፉት ልቦለድ» ስንል «ት» ልቦለዱን መልሳ ታመለክታለች። ተማሪው ይህችን «ት» ሳይተው ሲተረጉም «ዘ ኖቭል ዛት ሀዲስ ዓለማየሁ ሮት ኢት» ብሎ ይጽፋል። «ዛት» የልቦለዱን ቦታ ስለያዘ «ኢት» መውጣት አለበት። «የተማሩበት» በሚለው ውስጥ ያለው «በት» ደግሞ «ዜር» የሚለውን ቃል ያስጨምራል። ትክክለኛው «ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዌር ሀዲስ ዓለማየሁ ስተዲድ፣ ኢዝ ኒር ቢቸና» ነው፤ ከ«ስተዲድ» በኋላ «ዜር» አይገባም።

በዚህ ምሳሌ ሐረጉ በነጠላ ሰረዝ የተከበበው ዲማ ጊዮርጊስ በስሙ አስቀድሞ ተለይቶ ስለታወቀ ነው። ሐረጉ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሲያስፈልግ ግን ሰረዝ አይደረግም። ልዩነቱ የሥርዓተ ነጥብ ብቻ እንዳይመስል። «ማይ ብራዘር ሁ ሊቭስ ኢን ሞጣ» ያለ ሰረዝ ሲጻፍ ከብዙ ወንድሞች መካከል በሞጣ የሚኖረውን ይለያል፤ «ሁ ሊቭስ ኢን ሞጣ» በሰረዝ ሲከበብ ጸሐፊው አንድ ወንድም ብቻ እንዳለው ያስረዳል። ስለ ቤተሰብ በእንግሊዝኛ በሚቀርብ ማመልከቻ ወይም የሰነድ ትርጉም ላይ ሰረዙ ሲዛባ የወንድሞቹ ቁጥር አብሮ ስለሚዛባ፣ ባለጉዳዩ ከመፈረሙ በፊት ይህን ነጥብ ለይቶ ሊያይ ይገባል። በሰረዝ በሚከበብ ሐረግ ውስጥ «ዛት» እንደማይገባም ልብ ይሏል።