ወሬ ነጋሪ ያጣ ጨዋታ

«ወሬ ነጋሪ እንኳ አልተረፈም» የሚባለው ስለ ጦርነት ነው። ተዋጊው ሁሉ አልቆ፣ ተመልሶ የሆነውን የሚናገር ሰው ሲታጣ። እኔ ግን ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የቦንጋ እግር ኳስ ነው። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ተነስቶ እስከ ክፍለ ሀገር የሚደርስ ውድድር ነበር። ከጊምቦ፣ ከዴቻ፣ ከጨና ቡድን እየመጣ ቦንጋ ላይ ይጋጠማል፤ የገበያ ቀን ከሆነማ ሜዳው ዳር መቆሚያ አይገኝም። ታዲያ በየዓመቱ ዋንጫውን ማን እንደወሰደ ዛሬ የሚያውቅ አለ? ሦስት ሽማግሌ ጠይቄ ሦስት የተለያየ መልስ አግኝቻለሁ። ሦስቱም በእርግጠኝነት ነው የነገሩኝ፤ አንደኛው እንዲያውም ሊምሉልኝ ነበር። ተጫዋቾቹ አላለቁም፣ ብዙዎቹ አሉ። ያለቀው ወሬ ነጋሪው ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሩቁ ጠይቁኝ። በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረውን የክለቦች ውድድር እነማን ተጫወቱበት? ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ማን አሸነፈ? የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ይህን ለማወቅ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ መዝገብ አላገላበጥኩም። እ.ኤ.አ. በ1994 ጥቂት የሰሜን አውሮፓ የኳስ አፍቃሪዎች ተጠራርተው የዓለምን የእግር ኳስ ውጤት የሚሰበስብ አንድ ማኅበር አቋቋሙ፤ አር.ኤስ.ኤስ.ኤስ.ኤፍ. ይባላል። ከየአገሩ በጎ ፈቃደኛ እየተቀላቀለው የዚህች አገር ሻምፒዮኖችም ዝርዝር ከ1936 ጀምሮ እዚያ ተጽፎ ተቀመጠ። ለዚህ ደመወዝ የተቆረጠለት ሰው የለም። ማታ ማታ፣ ከሥራ መልስ፣ የማያውቀውን አገር የማያውቀውን ቡድን ውጤት እየለቀመ የሚጽፍ ሰው ምን ነክቶት ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ።

ለነገሩ እኛ ካፋዎች እንዲህ ዓይነቱን ሰው ከድሮ ጀምሮ እናውቀዋለን። የካፋን መንግሥት ሥርዓት፣ ቋንቋውንና ልማዱን በሁለት ወፍራም መጽሐፍ የጻፈው ፍሪድሪክ ቢበር የቪየና ሰው ነው። የዩኒቨርሲቲ ምሁር አልነበረም፤ በራሱ ጥረት ያነበበ፣ ካፋ የሚባል አገር በልጅነቱ ልቡን የሰረቀው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 እዚህ ደረሰ። ንጉሥ ጋኪ ሻሮቺ ከተማረኩ ስምንት ዓመት አልፎ ነበርና ያገኘው የፈረሰ ቤት ነው፤ ግን የፈረሰውን ቤት ያስታወሱ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ፤ እነሱን ጠየቀ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 ታተመ፤ እሱም በ1924 ሞተ። ስለ አያቶቻችን ለማወቅ ጀርመንኛ የሚችል ሰው መፈለጋችን ያናድደኛል። ሰውየው ባይመጣ ደግሞ ምን ይኖረን ነበር ብዬ ሳስብ ንዴቴ ይበርዳል።

ወሬ ነጋሪ ማጣት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ግን ከአበበ ቢቂላ የተሻለ ምሳሌ የለም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ የዓለም ጋዜጠኛ «ይህ ደግሞ ማነው?» ብሎ ተደናገጠ። ታሪኩን ሁላችንም እንዲህ ነው የምንሰማው፤ ማንም የማያውቀው ወታደር ከየት መጣ ሳይባል ከጨለማ ወጣ ይባላል። እኔ ግን ይህ አነጋገር አይዋጥልኝም። አበበ ከሮም ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገብቶ ነበር። በጊዜው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን የቼኩ ኤሚል ዛቶፔክ እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ፣ አየሩ በሳሳበት፣ የኦሎምፒኩን ክብረ ወሰን በአንድ ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያሻሻለ ሰዓት ተመዝግቧል። አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ያውቀዋል። የክብር ዘበኛ ጓደኞቹ ያውቁታል። ዓለም ግን አልሰማም። ሮም ላይ የተወለደ አዲስ ጀግና አልነበረም፤ ወሬው አዲስ አበባ ላይ ቀርቶ ነበር እንጂ።

እንዲህ ያለ ወሬ እንዳይቀር የሚጥሩ ሰዎች በዓለም ላይ ጨርሶ አልነበሩም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 ብራስልስ ላይ የአትሌቲክስ ውጤት መዝጋቢዎች አንድ ዓለም አቀፍ ማኅበር መሥርተው ነበር። አባላቱ ሌላ እንጀራ ያላቸው፣ ለሩጫና ለዝላይ ፍቅር ሲሉ ከየአገሩ ጋዜጣ ቁጥር የሚለቅሙ ሰዎች ናቸው፤ በየዓመቱም መጽሐፍ ያወጣሉ። ችግሩ እነሱ የሚለቅሙት የተጻፈውን ነው። እዚህ አንድ ሰው ጽፎ ካልላከ እዚያ ያለው ሰው ከየት ያምጣው?

እኛም ጋ ቢሆን ሰው ጠፍቶ አያውቅም። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. የተወለደው እዚሁ ጎረቤታችን ጅማ ነው፤ ያኔ ጅማ ገና በአባ ጅፋር እጅ ነበረች። ስለ ይድነቃቸው ሲወራ የሚነሳው የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫና ከ1964 እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1979 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መምራቱ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመኝ ግን ሌላ ሥራው ነው፤ የስፖርት ደንቦችን ወደ አማርኛ መመለሱ። ወሬ ከመነገሩ በፊት ቃል ያስፈልገዋላ! ከዚያ በኋላ የመጡት እነ ፍቅሩ ኪዳኔና እነ ሰሎሞን ተሰማ ናቸው ለስፖርት ዜና በአማርኛ መንገድ የከፈቱት። የእኔ ትውልድ ጆሮ ላይ የቀረው ድምፅ ደግሞ የደምሴ ዳምጤ ነው። ታኅሣሥ 1980 ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ስታዲየም ያልገባው ሕዝብ ጨዋታውን ያየው በደምሴ አፍ ነው። ቦንጋ ላይ ባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅ ሬዲዮኑ ከቀን ጀምሮ ተዘግቶ ነበር የዋለው።

እነዚህ ባለሙያዎች ናቸው፤ ክብር ይግባቸው። ነገር ግን ሬዲዮው የሚደርሰው ብሔራዊ ቡድንና ትልልቆቹ ክለቦች ጋ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ያለውን የሚሸከመው ፈቃደኛ ሰው ነው። የኤፍ ኤም ጣቢያዎች በተስፋፉበት ዘመን እሑድ ማታ «ዛሬ በክልል ከተሞች በተደረጉ ጨዋታዎች...» ሲባል ትሰሙ ነበር። ያ ውጤት አዲስ አበባ እንዴት ደረሰ? አንድ የክለብ ጸሐፊ፣ አንድ መምህር ወይም አንድ ደጋፊ ቴሌ ተሰልፎ፣ በራሱ ገንዘብ ደውሎ ነው። ሁለት ለአንድ የምትል ሁለት ሰከንድ የማትሞላ ዜና ከኋላዋ የግማሽ ቀን ልፋት አላት። ስሙ ግን አይጠራም። «ከስፍራው የደረሰን መረጃ» ነው የሚባለው፤ ስፍራው አፍ አውጥቶ የተናገረ ይመስል!

እኔ የማውቀው አንድ የስፖርት መምህር ነበር። ከሌላ አገር ተመድቦ መጥቶ ዓመታት እዚህ አስተማረ። ያላየው ጨዋታ የለም፤ ያየውን ሁሉ በደብተር ይጽፋል። ቀኑን፣ ቡድኖቹን፣ ግቡን ማን በስንተኛው ደቂቃ እንዳገባ፣ የዳኛውን ስም፣ ዝናብ ከነበረ ዝናቡን ሳይቀር። ልጆቹ «ቲቸር ጸሐፌ ትእዛዝ» ነበር የሚሉት። ምን ያደርግልሃል ሲሉት «ምንም» ይላል፤ ቀልዱን አልነበረም። ሲዛወር ደብተሮቹን እዚሁ ይቀመጡ ብሎ ለአንድ መሥሪያ ቤት አስረከበ። መሥሪያ ቤቱ ቤት ቀየረ፤ ደብተሮቹም የት እንደገቡ አልታወቀም። የወንበርና የጠረጴዛው ዝርዝር ግን አለ፤ በሦስት ኮፒ። መምህሩ ደብተሮቹን ይዟቸው ሄዶ ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ከዚያ ደግሞ ይዟቸው ሄዶስ ቢሆን እኛ ጋ ምን ይቀር ነበር?

ሰሞኑን ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ባድሜንተን ነው። በረጅም እጀታ መምቻ ላባ ያለበትን ኳስ በመረብ ላይ ማመላለስ። እንግሊዞች ህንድ ሳሉ ፑና በምትባል ከተማ የለመዱት፣ ስሙንም እንግሊዝ አገር ካለ የአንድ መስፍን ቤት የወሰደ ጨዋታ ነው። ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1934 ሲሆን፣ በሜዳሊያ ኦሎምፒክ የገባው በ1992 ባርሴሎና ላይ ነው። ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ብትሄዱ ተጫዋቾቹ የእኛን ሯጮች ያህል ይከበራሉ። አብዛኛው ዓለም ላይ ግን የዓለም ሻምፒዮና እንኳ ተካሂዶ በጋዜጣ አንድ መስመር አያገኝም። ታዲያ አፍቃሪዎቹ ምን አደረጉ? ጋዜጣው እስኪያስታውሳቸው አልጠበቁም። ከአውሮፓም ከእስያም ተጠራርተው ባድዚን የሚባል የዜና ድረ ገጽ ከፈቱ፤ በአብዛኛው የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንዱ ጨዋታው ያለበት ከተማ ሄዶ ያያል፣ አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ ሌላው የአንዱን ቋንቋ ወደ ሌላው ይመልሳል።

ቦንጋ ተቀምጠህ ባድሜንተን ምን አገባህ የሚለኝ አይጠፋም። የሚያገባኝማ እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ አበባ ላይ «ኢትዮጵያ ኢንተርናሽናል» የሚባል የባድሜንተን ውድድር መካሄዱን ሳነብ ነው። የውጭ ተጫዋቾች መጥተው ከእኛ ልጆች ጋር ተጋጥመዋል። ከማውቃቸው የስፖርት ወዳጆች መካከል ይህን የሰማ አንድም ሰው አላገኘሁም፤ ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ተቀያሪ በረኛ የቁርጭምጭሚት ሕመም ግን ሁሉም ያውቃል። በገዛ አገራችን የተደረገውን ጨዋታ ውጤት ያስቀመጡልን የእኛን አገር አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

አሁን እዚህ ላይ በጎ ፈቃደኛን አመስግኜ ባልፍ ይቀለኝ ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ለፍቅሩ የሚሠራ ሰው የሚጽፈው የሚወደውን ነው፤ የማይወደው ጨዋታ ባዶ ገጽ ይሆናል። ሲያገባ፣ ሲታመም፣ የሥራ አለቃው ሲቀየር ወሬውም ይቋረጣል። የወንዶቹ ዋና ሊግ ዝርዝር ከ1936 ጀምሮ ሲገኝ፣ የታችኛው ሊግና የሴቶቹ ጨዋታ ዝርዝር ላይ ክፍቱ ቦታ የሚበዛው ለዚህ ነው። ደግሞም ፌዴሬሽኑ፣ ዞኑ፣ ክለቡ በጀት ይዘው ተቀምጠው፣ የመመዝገቡን ሥራ ማንም ሳያዝዘው ለሚሠራ አንድ ደግ ሰው መተዋቸው አይገባኝም። ለማሊያ ገንዘብ አለ፣ ለአበል ገንዘብ አለ፤ ለአንድ የመዝገብ ደብተርና ለአንድ ሳጥን ቁልፍ ይጠፋል?

ትንሽ የተሻለ ነገር አለ። ካፋ ቡና በ2010 ዓ.ም. በከፍተኛ ሊግ ሲጫወት ውጤቱ በየሳምንቱ በጽሑፍ ይገኝ ነበር፤ ሶከር ኢትዮጵያን የመሳሰሉ በወጣቶች የተያዙ የዜና ገጾች የታችኛውን ሊግ መከታተል ስለጀመሩ ነው። በዚያው ዓመት ጅማ አባ ጅፋር ዋናውን ሊግ በገባ በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫውን ሲወስድ፣ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ማን ምን እንዳደረገ ተጽፎ ቀርቷል። የዛሬ 40 ዓመት የልጅ ልጃቸው ሲጠይቅ ሦስት ሽማግሌ አያስፈልገውም።

የቀደመውን ደግሞ እኔ እንደ አቅሜ መልቀም ጀምሬያለሁ። ዘዴዬ ፎቶግራፍ ነው። የዚያን ጊዜ ቡድኖች ፎቶ ሲነሱ አንዱ ተጫዋች ተንበርክኮ ኳስ ይይዛል፤ ኳሱ ላይ ዓመተ ምሕረቱ በኖራ ይጻፋል። ወዲያ ወዲህ ብዬ እስካሁን ዘጠኝ ፎቶ አግኝቻለሁ፤ ሦስቱ ኳስ ላይ ዓመቱ ይነበባል። ከሁሉ የሚያስቸግረኝ 1976 የሚለው ነው። ዋንጫ ይዘዋል፣ ከኋላቸው ባሕር ዛፍ አለ። ከ11ዱ ተጫዋቾች የሰባቱን ስም አግኝቻለሁ። በረኛው፣ ከበረኛው በስተግራ የቆመው ረጅም ልጅና ከፊት የተንበረከኩት ሁለቱ ግን እስካሁን ስም የላቸውም። የሚያውቃቸው ሰው ካለ ቦንጋ ላይ ይፈልገኝ፤ ቡና እኔ አለሁ።