የራይን ምስክር

«ውኃን ምን ያስጮኸዋል? ድንጋይ» ይላል ያገራችን ሰው። የራይንን ወንዝ ግን ያስጮኸው መርዝ ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1986 በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ አጠገብ፣ የሳንዶዝ ኩባንያ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውኃ ፀረ ተባይ መርዙን አጥቦ ወንዙ ውስጥ ከተተው። ራይን በሙሴ ዘመን እንደ ነበረው የግብፅ ወንዝ ቀላ፤ 150,000 ያህል እባብ መሰል ዓሦች አለቁ።

ወንዙ ከዚያ በፊትም ጤነኛ አልነበረም። የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ስላቆሸሸው፣ ግድብም መንገዱን ስለ ዘጋበት፣ ሳልሞን የተባለው ዓሣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር።

የወንዙ ተጋሪ አገሮች በ1987 ዕቅድ አጸደቁ፦ መርዛማው ፍሳሽ እስከ 1995 በግማሽ እንዲቀንስ፣ ሳልሞንም እስከ 2000 እንዲመለስ። የዕቅዱ ጥበብ በሁለተኛው ግብ ላይ ነው። ቁጥርን በወረቀት ላይ ማሳመር ይቻላል፤ ዓሣ ግን በሐሰት አይመሰክርም። ውኃው ካልጠራ አይመጣም።

መጣም። በ1990 ዚግ በተባለው ገባር ወንዝ ታየ፤ በ2000 ደግሞ በኢፌትስሃይም ግድብ ላይ መተላለፊያ ተከፈተለት። ሆኖም ከዚያ በላይ ያሉት ግድቦች እስከ ባዝል የሚያደርሰውን ጉዞ ዛሬም ያውኩበታል። ምስክሩ ቃሉን ገና አልጨረሰም።