የቡና ፍሬና የስሙ ነገር

ካልዲ የተባለ እረኛ ፍየሎች ቀይ ፍሬ በልተው እንደ ግልገል ፈነጩ የሚለውን ተረት ያልሰማ ቡና አምራች የለም። ሆኖም ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ ያሳተመው ፋውስቶስ ናይሮን እረኛውን በስም አይጠራም፤ «ካልዲ» በኋላ የተጨመረ ነው።

የማያጠራጥረው ተክሉ ነው። ቡና የበቀለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ሲሆን ወደ ዓለም ገበያ የወጣው ግን በየመኑ የሞካ ወደብ በኩል ነው። በመሆኑም ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «አራቢካ» ብሎ ሰየመው፤ አገሩ ሳይጠየቅ መሆኑ ነው! አረቦቹ ራሳቸው ፍሬውን እስከ ዛሬ «ቡን» ነው የሚሉት።

ስም ገንዘብ መሆኑ የታየው ዘግይቶ ነው። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 ለአሜሪካ አመለከተች። እሸቱን ለቅሞ፣ ጀንፈሉን አድርቆ የሚያስረክበው ገበሬ ያወጣው ስም ነውና ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ስታርባክስ በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ስምምነት የፈረመው በ2007 ነው።